«ዴሉዥን» ብዬ ጻፍኩ፣ መምህሬ ደነገጠች፤ ልዩነቱን የሚያስረዳኝ አለ?

ጠያቂ፦ የነርሲንግ ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ማታ ማታ ነርሲንግ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን «ቤተሰባችሁ የሚያምንበትን፣ ግን ትክክል ያልሆነ ነገር ጻፉ» አለችን። እኔ ስለ እናቴ ጻፍኩ። እናቴ ታክሲ ውስጥ በግራም በቀኝም መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታል ትላለች። ልጅ ሆነን ከመገናኛ ፒያሳ ስንሄድ ነጠላዋን በአፍንጫችን ላይ ጣል አድርጋ «ኧረ መስኮቱን ዝጉልን፣ ልጆቹን ብርድ ይመታብኛል!» ስትል እስካሁን ይሰማኛል።

መዝገበ ቃላት ገልጬ «የተሳሳተ እምነት» የሚሆን ቃል ፈለግኩ። ዴሉዥን፣ ፋላሲ፣ ሚስኮንሴፕሽን፣ ሚዝ። ሁሉም ሥር ያው አንድ ትርጉም ነው ያለው። ዴሉዥን ጠንከር ያለ ስለመሰለኝ እሱን መረጥኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ቃሉ በቀይ ተሰምሮበታል፣ ጎኑ ላይ «እናትሽ ሕክምና ላይ ናቸው?» ተብሎ ተጽፏል። በጣም ከፋኝ። እናቴ ጤነኛ ናት። ብቻዋን አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። በማላውቀው ቃል ሰደብኳት መሰለኝ። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ የሆስፒታል አስተርጓሚ

እህቴ፣ አይክፋሽ። መምህርሽም በክፋት አይደለም የጻፈችው፣ ቃሉ እዚህ አገር የበሽታ ምልክት ስም ስለሆነ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሳስተረጉም 11 ዓመቴ ነው። የአእምሮ ሐኪሞች ዴሉዥን የሚሉት፣ የፈለገ ማስረጃ ቢቀርብ ሰውየው ንቅንቅ የማይልበትን የሐሰት እምነት ነው። «ጎረቤቴ በግድግዳ በኩል ሐሳቤን ይሰርቀኛል» እንደሚል ሕመምተኛ ማለት ነው። ሰው ሲጣላም «ዴሉዥናል ነህ» ይባባላል፣ ያ ግን ስድብ ነው።

ሐኪሞቹ ሌላም ነገር ያያሉ። እምነቱ በሰውየው ባህል ወይም ሃይማኖት የተለመደ ከሆነ ዴሉዥን አይሉትም። እስቲ የእናትሽን ታክሲ አስቢው። እሳቸው ዝጉልን ሲሉ ማን ተከራከራቸው? ረዳቱ ራሱ ተንጠራርቶ ይዘጋዋል። 12ቱም ተሳፋሪ እፎይ ይላል። ታክሲ ሙሉ ሰው የሚያምነውን እምነት የአንዲት ሴት ሕመም ማድረግ አይቻልም።

ለአንቺ የሚሆንሽ ሚስኮንሴፕሽን ነው። ነገሩን አጣሞ መረዳት እንደማለት ነው። ማንንም አያስቀይምም፣ ሰውየው ቢነገረው ሊታረም ይችላል የሚል ተስፋም አለበት። ነርስ ስትሆኚ በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ።

ሚዝ የሚለው ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከግሪክ የመጣ ነው፣ መነሻው ተረት፣ ታሪክ ማለት ነው። ዛሬ ግን በተራ ወሬ ውስጥ ሲገባ ሁሉም የሚቀባበለው ውሸት ማለት ነው፣ ልክ «ሰው ከአንጎሉ 10 ከመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው» እንደሚባለው። አንድ ጊዜ «የክትባት አፈ ታሪኮች» የሚል በአማርኛ የተተረጎመ በራሪ ወረቀት አየሁ። ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት አገላብጠው አዩትና «ክትባት እንዴት እንደተጀመረ ነው የሚያወራው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ያህል ወረቀት በአንድ ቃል ምክንያት ከንቱ ቀረ። «ስለ ክትባት የሚወሩ ሐሰቶች» ቢባል ኖሮ እኚያ አባት ያነቡት ነበር።

መልስ፦ የሂሳብ መምህር፣ ባሕር ዳር

ስለ ፋላሲ ልጨምር። እኔ ክፍል ውስጥ «የአመክንዮ ሕፀፅ» እለዋለሁ። በሌሎቹ ቃላት ስህተቱ ያለው የሚታመነው ነገር ላይ ነው። በፋላሲ ግን ጉድለቱ እዚያ እምነት ላይ የተደረሰበት መንገድ ነው።

ጎረቤቴ አራት ሴት ልጆች ወልዶ ሚስቱ አምስተኛ ስታረግዝ «አሁንስ ወንድ ነው፣ ተራው ደርሷል» ይል ነበር። ተራ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ እርግዝና ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፣ ያለፉትን አይቆጥርም። እንግሊዝኛው ይህን የቁማርተኛ ፋላሲ ይለዋል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት የሩሌት ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀይ ነው» እያሉ ገንዘባቸውን እየጨመሩ ተበሉ።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ጎረቤቴ ወንድ ወለደ። የተናገረው ደረሰ፣ የደረሰበት መንገድ ግን ያው ሕፀፅ ነው። ተማሪዎቼን በጣም የሚያስቸግራቸው ይህ ነው።

እናትሽም «መስኮት ተከፈተ፣ በማግስቱ ልጄን ጉንፋን ያዘው፣ ስለዚህ መስኮቱ ነው» ካሉ ያኔ ፋላሲ ተባለ። ከኋላው ስለመጣ ከእሱ መጣ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ዶክተር በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። መጽሔቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሰረዘው። ክትባቱ የሚሰጠውና የኦቲዝም ምልክት የሚታየው በተቀራራቢ ዕድሜ ስለሆነ ብዙ ወላጅ አንዱን የሌላው መንስኤ አድርጎ አመነ። ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ የቀሩ አሉ።

መልስ፦ ከለንደን

መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን መንገድ ላይ እንግሊዞች እንዲህ አይጠነቀቁም። ማንኛውንም የተሳሳተ እምነት «ፋላሲ ነው» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ለክፍል ሥራ ግን የመምህርን ያዢ።

ኦልድ ዋይቭስ ቴል የሚል ደግሞ ይገጥምሻል፣ የአሮጊቶች ተረት። ዋይፍ ጥንት ሚስት ብቻ ሳይሆን ማንኛዋም ሴት ማለት ነበር፣ ሚድዋይፍ፣ ማለትም አዋላጅ፣ በሚለው ውስጥ ቀርቷል። እኔ ስለ እናቴ አልጠቀምበትም። የሴቶችን እውቀት በሙሉ የሚንቅ ቃል ነው የሚመስለኝ፣ አዋላጆቹም አሮጊቶች ነበሩ።

ጠያቂ፦ የነርሲንግ ተማሪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚስኮንሴፕሽን ብዬ አስተካከልኩት። ምክንያቱንም ጨመርኩ፦ ጉንፋን ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ደግሞ ጉንፋንም ቲቢም ይበልጥ የሚተላለፈው መስኮቱ ሲዘጋ ነው። ሐሙስ አስገባዋለሁ።

ትናንት ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ ዘግቼ ነው ያሳደግኳችሁ፣ አምስታችሁም ደህና ናችሁ» አለችኝ። መምህር፣ ይህኛውስ ፋላሲ ነው?