ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ 10 ሰዓት፣ መመለሻው 12 ሰዓት፤ ለምን?

ጥያቄ
እናቴ ቶኪዮ እህቴ ጋ ሰንብታ በጥር ወደ እኔ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ልትመጣ ነው። ትኬቷን ሳየው ግራ ገባኝ። ከቶኪዮ ከቀኑ 11 ሰዓት ተነስታ በዚያው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ትደርሳለች ይላል። ስትመለስ ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነስታ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ትገባለች። የግፊት ኪኒኗን ሁልጊዜ ማታ 3 ሰዓት ነው የምትውጠው። መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምትቆየው? ርቀቱስ በሁለቱም በኩል ያው አይደል?

መልስ
በጥር ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ትቀድማለች። እናትሽ ሲነሱ ሎስ አንጀለስ ገና ሌሊት 6 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ጨምሪበት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። የመመለሻውንም በዚሁ መንገድ ብታሰይው 12 ሰዓት ይመጣል።

መልስ
የበረራ እቅድ ማውጣት ሥራዬ ስለነበር የ2 ሰዓቱን ልዩነት ላስረዳሽ። ሁሉም የነፋስ ጉዳይ ነው።

በአጭሩ መስመር ርቀቱ ወደ 8,800 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 35 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ አጭሩ መስመር ግን ወደ ሰሜን ቀስት ሠርቶ እስከ 48 ዲግሪ ይወጣል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል እንጂ፣ በ35 ዲግሪ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀንሳል።

ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ጃፓን አካባቢ በጥር በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጃፓናዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ኦይሺ ዋሳቡሮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለክቶታል። ውጤቱን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ግኝት ብዙ ሰው በማያነበው ቋንቋ ተሸፍኖ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናትሽ ሲመጡ ይህ ነፋስ ከኋላ ይገፋቸዋል። እኛም ለዚያ ስንል አውሮፕላኑን ከአጭሩ መስመር ወደ ደቡብ እናወርደው ነበር። ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል፣ ሰዓቱ ይቀንሳል። ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ፣ እሱን ለመሸሽ ወደ አላስካ ደሴቶች ተጠግቶ የሚበርበት ቀን ብዙ ነው። መስመሩ የየዕለቱ ነፋስ እየታየ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ነው። መሬት ላይ የሚንደረደርበትም ተቆጥሯል። ስለዚህ አየር ላይ የሚቆዩት ከዚያ ትንሽ ያንሳል።

መልስ
ስለ ኪኒኑ፦ የግድግዳውን ሰዓት ትተሽ ከመጨረሻው ኪኒን ስንት ሰዓት እንዳለፈ ቁጠሪ። በቶኪዮ ማታ 3 ሰዓት ማለት ከተነሱ ከ4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ይውጣሉ። ኪኒኑን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። የሚቀጥለው ግን ሎስ አንጀለስ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት ይሆናል። እንዴት ወደ ማታ እንደሚዛወር ሐኪማቸው ይንገራቸው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንደሚወድቅ አላሰብኩትም ነበር። እህቴ ከጉዞው በፊት ሐኪሙ ጋ እንድትወስዳት ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።