ማንዶሊን ላይ ደብል ስቶፕ፦ አንዱ ድምፅ ለምን ይታፈናል?

ስምንት ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነጠላ ዜማ ላይ ችግር የለብኝም። ሁለት ኖታ አንድ ላይ ስይዝ (ደብል ስቶፕ) ግን አንዱ ይታፈናል ወይም ዝዝ ይላል። ደግሞስ የትኛው ኖታ ከየትኛው እንደሚሄድ ከመሸምደድ ሌላ ዘዴ አለው?

ባለፒክ፦
ሽምደዳውን ተወው። ማንዶሊን የሚቃኘው በአምስተኛ (የሁለት ድምፆች ርቀት ስም ነው፤ ሦስተኛና ስድስተኛም እንዲሁ) ነው፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ክሮችን ተመሳሳይ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ከያዝክ ሁሌም አምስተኛ ታገኛለህ። ከዚያ ቀጭኑን ብቻ አንቀሳቅስ፦ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ 3 ፍሬት ብትመልሰው ሜጀር ሦስተኛ፣ 4 ብትመልሰው ማይነር ሦስተኛ፤ ወደ ሳጥኑ 1 ብትገፋው ማይነር ስድስተኛ፣ 2 ብትገፋው ሜጀር ስድስተኛ። በቃ፣ አራት ቅርጽ ነው።

በጂ ሜጀር ዲና ኤ ክር ላይ ሞክረው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የዲ ፍሬት ነው፦ 5-2፣ 7-3፣ 9-5፣ 10-7፣ 12-9። ሌባ ጣት ኤ ላይ፣ የቀለበት ጣት ዲ ላይ ይሁኑና ሳይነሱ ይንሸራተቱ። ዜማውን በቀጭኑ ክር አድርገው፤ ጆሮ ቀድሞ የሚይዘው ከፍ ያለውን ድምፅ ነው።

ጥንድ፦
መታፈኑን በተመለከተ፣ ማንዶሊን ላይ እያንዳንዱ ክር ጥንድ ስለሆነ የሚጮሁት ሁለት ሳይሆኑ አራት ክሮች ናቸው። 5-2ን ይዘህ አራቱን አንድ በአንድ ምታ። ኤ ከታፈነ ጥፋተኛው ዲ ላይ ያለው የቀለበት ጣት ነው፤ ተጋድሞ ኤን 5ኛው ፍሬት አካባቢ ይነካዋል። ስድስተኛ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፣ የቀጭኑ ጣት ወፍራሙን ያፍናል። መዳፍህን ከአንገቱ አላቅና በጣትህ ጫፍ ቁም። ዝዝ ካለ ጣትህ ከፍሬቱ ርቋል፤ ጠጋ በል እንጂ አትጫን፣ ጭነት ድምፁን ወደ ላይ ይስበዋል።

ፒኩም ድርሻ አለው። ስስ ከሆነ እየታጠፈ ሁለቱን ድምፅ ይለያያቸዋል፤ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያለው ይሻላል። ዲና ኤን በአንድ ምት አልፎ ኢ ላይ ይረፍ። ትሬሞሎ (በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት) ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚሄደው ምት ቀጭኑን ብቻ ነክቶ ይመለሳል። ሜትሮኖም 60 ላይ፣ በአንድ ምት አራት እየመታህ አጣራው።

ስምንት ክር፦
እውነትም ኤ ነበር፣ ተስተካከለ! አሁን ግን 5-2 ጠርቶም ትንሽ የተጣመመ ይመስላል።

ባለፒክ፦
ሜጀር ሦስተኛ በእኩል ቅኝት (ግማሽ ድምፆች ሁሉ እኩል በሆኑበት፣ ፍሬቶቹ በሚከተሉት) ከንፁሁ 14 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ያህል ይሰፋል፤ እሱ ያንተ ጥፋት አይደለም። ከዚያ የባሰ ከሆነ ጥንዶቹን ፈትሽ፦ አንዱን ክር በጣት አፍነህ ሌላውን ቃኝ፣ ከዚያ ሁለተኛውን በእሱ ላይ አስማማ። ባዶው ክር ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት ከፍ ካለ ብሪጁን (ሳጥኑ ላይ ክሮቹን የሚደግፈውን) ከአንገቱ በጥቂቱ አርቀው፤ ዝቅ ካለ አቅርበው።