ጥቆማ፦ ያልተጨረሰ ሥራ የማይጠፋበት የኦንላይን መማሪያ የቱ ነው?

የኦንላይን መማሪያ እየመረጣችሁ ያላችሁ መምህራን፣ ከቪዲዮውና ከመልኩ በፊት አንድ ነገር እዩልኝ። ተማሪው ሥራውን ሳይጨርስ ወጥቶ፣ በኋላ ካቆመበት መቀጠል ይችላል?

አንዲት ተማሪዬ አንድ ሰዓት ሙሉ የጻፈችውን መልስ ልትልክ ስትል ገጹ የይለፍ ቃል እንደገና ጠየቃት። ስትገባ ሳጥኑ ባዶ ነበር። እንደ አዲስ ጻፈችው፤ ግን ሞራሏ ወድቆ ስለነበር ሁለተኛው ጽሑፏ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አያህልም። ከዚያ ወዲህ መማሪያ የምመርጠው በዚህ ነው።

ለፈተና ምርጫዬ ሙድል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ካልተቀየረ በቀር ተማሪው የሞላውን መልስ በየደቂቃው ገደማ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ኔትዎርክ ቢቋረጥ ተመልሶ ይቀጥላል። ሰዓት የተገደበለት ፈተና ከሆነ ግን ተማሪው ቢወጣም ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ የሚቆም ይመስላቸዋል።

የሙድል አሳይንመንት ላይ ደግሞ ተማሪው የማስረከቢያውን ቁልፍ እንዲጫን የሚጠይቅ ምርጫ አለ። እባካችሁ "አዎ" በሉት። ያኔ ሥራው እስኪያስረክበው ድረስ ድራፍት ሆኖ ይቆያል። "አይ" ካላችሁት ተማሪው ለጊዜው ያስቀመጠው ግማሽ ገጽ እንዳስረከበ ይቆጠርበታል። ቁልፉን መጫን የሚረሱ አይጠፉም፤ ስማቸው ፊት ለፊት ድራፍት የሚል ስታዩ አስታውሷቸው።

ለረጅም ጽሑፍ ግን ጉግል ክላስሩምን አስቀድማለሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቅጂ እንዲደርሰው አድርጋችሁ በጉግል ዶክስ ስትሰጡ፣ ጽሑፉ እየተጻፈ ይቀመጣል። በስህተት የተሰረዘ አንቀጽ እንኳ ከቀድሞዎቹ ቅጂዎች ይገኛል።

የጉግል የጥያቄ ቅጽ በሆነው ጉግል ፎርም ላይ ያልተላከ መልስ እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ ተማሪው በጉግል አካውንቱ ከገባ ብቻ ነው። ሳይገባ ከሞላ ገጹ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል።

በስኮርም (አንድ ኮርስ በተለያዩ የኦንላይን መማሪያዎች ላይ እንዲሠራ በሚያደርገው የጋራ ደረጃ) የተዘጋጀ ኮርስ የምትገዙ ከሆነ የትኛው እትም እንደሆነ ጠይቁ። 1.2 የሚባለው ተማሪው የት እንደደረሰና ምን እንደመለሰ የሚይዝበት ቦታ 4096 ፊደል ብቻ ነው። ኮርሱ ሲረዝም ቦታው ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ ተማሪው ትናንት የጨረሰውን ዛሬ ላያገኘው ነው። ስኮርም 2004 የሚባለው ሦስተኛ እትሙ እስከ 64000 ፊደል ስለሚይዝ እሱን ምረጡ።

ከመወሰናችሁ በፊት እንደ ተማሪ ሆናችሁ ግቡ። ሁለት አንቀጽ ጻፉ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ገጹን ዝጉ። ከዚያ በሌላ ስልክ ገብታችሁ የጻፋችሁትን ፈልጉት።