አያቶቼ ከተጋቡ 50 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ሽርሽሩን እንዴት እናርገው?

ሰላም ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ወር የአያቶቼ የጋብቻ የወርቅ ኢዮቤልዩ ነው፣ ልጅ የልጅ ልጅ 22 ሰው ሆነን ከከተማ ወጣ ብለን አብረን ልንውል አስበናል። ግን ወንድ አያቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ደረጃ አይሆንላቸውም፣ ሴት አያቴ ደሞ ጆሯቸው ደከም ስላለ ጫጫታ ሲበዛ ዝም ይላሉ። የአክስቴ ልጆች ሰርፕራይዝ ካልሆነ እያሉ ነው። ያያችሁት ካለ ምከሩኝ፣ በራሳቸው ቀን ደክሟቸው እንዳይመለሱ ፈርቻለሁ።

መልስ 1፦
እንኳን ለዚህ አበቃቸው! ሰርፕራይዙ ይቅርባችሁ እህቴ። እኛ ለእናትና አባታችን አድርገን እናቴ ሳትዘጋጅ ስለወጣች ፎቶውን ሁሉ ፊቷን አዙራ ነው የተነሳችው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀኑንና ቦታውን ንገሯቸው፣ ሰርፕራይዙን ለስጦታው አቆዩት።

መልስ 2፦
ቦታውን ሄደሽ እዪው፣ በስልክ "ደረጃ የለም" ብለውኝ ስንደርስ ሽንት ቤቱ ምድር ቤት ሆኖ አባቴን ተሸክመን ነው ያወረድናቸው። ከመኪና መውረጃው እስከ መቀመጫው ራስሽ ተራመጂው። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ የክንድ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ዝቅ ካለ ሶፋ ላይ መነሳት ለታመመ ጉልበት ፈተና ነው። ሲሄዱ የመኪናውን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ለሳቸው ስጡ፣ በየአንድ ሰዓቱም ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ ምክንያቱም ብዙ መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደም እስከማርጋትም ይደርሳል።

መልስ 3፦
ነርስ ነኝ። ብዙ አዛውንቶች መንገድ ሲኖር ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውሃ ይተዋሉ፣ በዕድሜ ደሞ ጥም ቶሎ ስለማይሰማ ሳይታወቅ ይደክማሉ፣ በየመሀሉ ትንሽ ትንሽ አጠጧቸው። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ካላቸው በራሳቸው እንዳያቋርጡት፣ የሚወስዱበትን ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

መልስ 4፦
ለሴት አያትሽ፦ ከስፒከር ራቅ አድርጋችሁ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጡ፣ የሚያወራቸው ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ ያውራ፣ መጮህ አያስፈልግም። 22 ሰው አንዴ አይክበባቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተራ በተራ አጫውቷቸው። ፎቶው ሳይደክማቸው ጠዋት ይነሳ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ ሁላችሁም! ሰርፕራይዙን ትተን ወንድ አያቴን ምን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "ከሚዜዎቼ በሕይወት ያለው አንዱ ነው፣ እሱን አምጡልኝ" አሉኝ። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ዛሬ ለሚዜው ደውለንላቸው እሺ ብለዋል፣ እሳቸውም በከዘራ ስለሚሄዱ ከፍ ያለ ወንበር ሁለት እየፈለግኩ ነው።