ከዛፍ ጥላ ሥር ክረምት ከበጋ የሚለመልም ተክል፦ እባካችሁ አማክሩኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአትክልት ወዳጆች። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከቤታችን ጀርባ ትልቅ የሜፕል ዛፍ አለ። ጥላው ከባድ ነው፤ ሥሩም ላይ ላዩን ስለሚሄድ የአፈሩን ውሃ ይሻማል። ሣር እንቢ ብሏል። ሆስታ የሚባለው ሰፋፊ ቅጠል ያለው የጥላ ተክል ያምራል፣ ግን በብርድ ወራት ቅጠሉ ይጠፋል፤ በበጋም አጋዘን ይግጠዋል።

ችግኝ ሻጩ ቪንካ ማይነር የሚባል መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ትከል አለኝ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ በጸደይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ አጋዘንም ብዙ አይነካውም። ልቤ ወዶታል። ነገር ግን ሐረጉ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር እየሰደደ ይስፋፋል። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ጫካ ነው። ያ ጫካ እንዲወረር በፍጹም አልፈልግም።

ክሪሶጎነም የሚባለውን፣ ቢጫ አበባ ያለውን የዚሁ አገር ተክል በደረቅ ጥላ የሞከራችሁ አላችሁ? ቅጠሉ ብርዱን ይዘልቃል? በመስከረም ልትከለው ወይስ ጸደይን ልጠብቅ?