ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ፣ ሳይካትሪ ልግባ? ሙድ እና ሱስ ላይ መስራት ነው የምፈልገው

ጂፒ_ከወሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጂፒ ነኝ፣ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላይ ሦስተኛ ዓመቴን እየጨረስኩ ነው፣ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ስልጠና) ምርጫ ደርሷል እና ከራሴ ጋር ክርክር ላይ ነኝ። ጓደኞቼ ሰርጀሪ፣ ኦርቶ፣ ራዲዮሎጂ ምናምን ይላሉ፣ የኔ ልብ ግን ሳይካትሪ ላይ ነው፣ በተለይ ድባቴ፣ ባይፖላር (ሙድ አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚልበት ሕመም) እና ሱስ። ለምን ብትሉ ማታ ዲዩቲ ላይ ድንገተኛ የሚመጡት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው፣ አረቄ ጠጥቶ የወደቀ፣ ቅሞ ቅሞ አራት ቀን ያልተኛ፣ ራሷን ልታጠፋ ሞክራ የመጣች ልጅ፣ እኛ ደግሞ ግሉኮስ ሰቅለን ትንሽ አረጋግተን እንሸኛለን በቃ፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሆኑ ማን ያውቃል። ለእናቴ ስነግራት "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ዕብድ ልትጠብቅ ነው?" አለችኝ፣ ሳቅኩ ግን ከነከነኝ። እና ስራው በእውነት ምን ይመስላል? ሰው ይድናል ወይ? ሙድ ላይ ብቻ ወይ ሱስ ላይ ብቻ ልስራ ማለት ይቻላል? ደግሞ ሐኪሙን ራሱን አይነካውም ወይ፣ እየቀለድኩ አይደለም።

ሳይክ_ሲኒየር፦
ወንድሜ፣ ስፔሻላይዝ ካደረግኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ሙድ ብቻ ወይ ሱስ ብቻ ያልከው እዚህ አገር አይሰራም። ለይቶ የሚልክልህ የለማ፣ አንዱ ሰው ነው ሁለቱንም ተሸክሞ የሚገባው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ማኒያ (የባይፖላር ከፍ ያለው ጎን) ይመስልሃል፣ ያወራል፣ ቢዝነስ ያወጣል፣ እንቅልፍ የለም። ከዛ ምርቃናውን ሊሰብር ለጨብሲ ይወጣል፣ ሌሊት ዱካክ፣ ጠዋት ድብርት፣ ከሰዓት ሀራራ፣ እንደገና ጫት። ይሄን አምስት ዓመት የኖረ ልጅ ፊትህ ተቀምጦ "ዶክተር ደስታ የሚባል ነገር ጠፋብኝ" ሲልህ ድባቴው ነው የቀደመው ጫቱ? እኔ ካርዱ ላይ ምንም ከመጻፌ በፊት መቃም ሳይጀምር እንዲህ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ደግሞ ያቆመበት ጊዜ ካለ፣ ታሞም ይሁን ታስሮ ወይ ብር አጥቶ፣ ያኔ ምን እንደሆነ። መልሱን ከሱ አታገኘውም፣ ከእናቱ ወይ ከእህቱ ነው የምታገኘው። ጫቱን ትቶ አንድ ወር አልፎትም ያው ከሆነ ጫቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሬዚደንት ሆኜ የተሳሳትኩትን ልንገርህ (ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። ወጣት አስተማሪ፣ ሁለት ወር ከአልጋ አልወርድ ብሎ አመጡት፣ አንገቱን እንደደፋ ነው ያወራኝ፣ ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴ መድሃኒት ጻፍኩለትና ከወር በኋላ ና አልኩት። ወር ሳይሞላው ወንድሞቹ ጥፍር አድርገው አስረው አመጡት፣ የአባቱን ሁለት በሬ ሸጦ ለሰፈሩ ድግስ ደግሷል፣ የራሱን ኮሌጅ ሊከፍት ነው። ለካ ከሁለት ዓመት በፊትም እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ ያኔ ጸበል ወስደውት ስለተሻለው ለሐኪም የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድሃኒት ለብቻው ከሰጠኸው ወደ ማኒያ ሊገለብጠው እንደሚችል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ የገባኝ ግን በበሬዎቹ ነው። እስካሁን ድባቴ ያለበት ሰው ሲመጣ "ሳትተኛ ያልደከመህ ጊዜ ነበር ወይ" ሳልል አላሳልፈውም።

ይድናል ወይ ላልከው፣ ድባቴ ብዙ ጊዜ ይድናል ግን መድሃኒቱ ለመስራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በሽተኛው ደግሞ በአምስተኛው ቀን "አልሰራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። ባይፖላር እንደ ስኳር ነው፣ ትይዘዋለህ። ሊቲየም አለልህ፣ ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ማኒያ ላይ ሞክሮት ነው የታወቀው፣ ቀላል የማዕድን ጨው ነው ግን ራስን ማጥፋትን በመቀነስ የሚስተካከለው ብዙ የለም። ችግሩ ደም ውስጥ ያለው ልኬቱ ጠባብ ነው፣ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ትፈልገዋለህ፣ 1.5 ሲያልፍ መመረዝ ነው። ረመዳን ወይ ሁዳዴ ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ የሚውል ገበሬ ከሆነ ይጨምራል፣ ለወገቡ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ቢውጥም ይጨምራል፣ ከዛ እየተንገዳገደና እያስመለሰው ሲመጣ ሰው "ጠጥቶ ነው" ይላል። የደም ምርመራው በሌለበት ቫልፕሮኤት ወይ ካርባማዜፒን ታዛለህ፣ ልትወልድ የምትችል ሴት ከሆነች ቫልፕሮኤቱ ጽንሱን ስለሚጎዳ እሱም ራስ ምታት ነው።

ሳይካትሪክ_ነርስ፦
ዶክተር ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ አረቄውን ልጨምር። ጂፒው ወንድሜ፣ ግሉኮስ ሰቅለን እንሸኛለን ያልከው አስደነገጠኝ። ለዓመታት የጠጣ ሰው ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ሳይወስድ ግሉኮስ ከገባለት አንጎሉን ልትጎዳው ትችላለህ፣ ታያሚኑ ይቅደም። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠሩን ለሰርጀሪና ለኦርቶ ዋርድ ነው፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ላብ በላብ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ "አበደ ውሰዱልን" ይሉናል። አላበደም፣ አረቄው ነው የቀረበት፣ ካልታከመ ደግሞ ይገድላል። እና ሬዚደንት ስትሆን ነርሷን ስማ። እዚህ አገር የሳይካትሪ ሬዚደንሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቶሮንቶ ፕሮፌሰሮች እየተመላለሱ እያስተማሩ፣ አማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርስ ማሰልጠን የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሳይካትሪስት በሌለበት ክፍለ ሀገር ሁሉ ይዘን የቆየነው እኛ ነን ሃሃ።

የሰው_ሚስት፦
ሐኪም አይደለሁም ይቅርታ። ባለቤቴ ባይፖላር ነው፣ ስምንት ዓመት ሆነን። ለኔ ከመድሃኒቱ በላይ የከበደኝ ሐኪም ሲቀያየር ሁሌ ከዜሮ መጀመሩ ነው፣ ልጆቹ ፊት ያደረገውን ሁሉ ለአዲስ ሰው እንደ አዲስ ማውራት። የመጀመሪያው ሐኪም ጸበል እንደምንሄድ ሲሰማ ተቆጣን፣ ሁለተኛ አልተመለስንም፣ ባለቤቴም መድሃኒቱን ጣለው። አሁን ያለው ግን "ጸበላችሁንም ሂዱ፣ ኪኒኑንም በጸበሉ ዋጠው" አለው፣ እና ይኸው ሦስት ዓመት አልተኛም ሆስፒታል። ከገባህበት እንደሱ ሁን ወንድሜ፣ ደግሞ አትጥፋ፣ እዛው ቆይ።

ሜሪላንድ_ያለሁ፦
እኔ ሳይካትሪ አሜሪካ ነው የተማርኩት፣ አራት ዓመት ነው፣ አዲክሽን ከፈለግክ አንድ ዓመት ፌሎሺፕ (ተጨማሪ ስልጠና) ትጨምራለህ፣ ስለዚህ ሱስ ላይ ብቻ መስራት እዚህ ይቻላል፣ በዋናነት ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያሉ) ነው የምናየው፣ ለእሱ ሕክምና የሚሰጠውን ቡፕረኖርፊን ለመጻፍ ያስፈልግ የነበረው ልዩ ፈቃድም እ.ኤ.አ. 2023 ላይ ቀርቷል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ የኛ ሰው እዚህም ሆኖ ድባቴ አለኝ ብሎ አይመጣም። "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ልቤን ደከመኝ" ነው የሚለው፣ አስተርጓሚው ቃል በቃል ይተረጉመዋል፣ ከዛ ሲቲ ስካን እና የልብ ምርመራ። እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቋንቋውን ማወቅህ ብቻ ግማሽ ምርመራ ነው።

ጂፒ_ከወሎ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም። እህቴ ያንቺን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዶክተር፣ ሐኪሙን ይነካዋል ወይ ላልኩት ግን አልመለሱልኝም?

ሳይክ_ሲኒየር፦
ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ሁለት በሽተኛ ራሳቸውን አጥፍተውብኛል። አንዷ ከሦስት ቀን በፊት ቀጠሮ ላይ ስቃ ነበር የወጣችው፣ ካርዷን ስንቴ እንዳነበብኩት፣ ምን ሳልጠይቃት ቀረሁ እያልኩ። ያኔ አብሮኝ የሚሰራ ሲኒየር ቡና ጠርቶኝ ምንም ሳይመክረኝ የራሱን አወራኝ፣ እሱ ነው ያቆመኝ። ለብቻህ ከሆንክ ይነካሃል፣ ስለዚህ ቦታ ስትመርጥ ከህንፃው ይልቅ ስንት ሳይካትሪስት እንዳለ ጠይቅ። ብሩን ያልጠየቅከኝ ጨዋ ስለሆንክ ነው፣ ከሰርጀን ጋር አታወዳድረው፣ እንኖራለን።

ጂፒ_ከወሎ፦
እሺ ዶክተር። ነገሩ ገጠመኝ ደግሞ፣ የነርሷን ጽሑፍ አንብቤ ኦርቶ ዋርድ ወጣሁ፣ ከትናንት ጀምሮ "አስቸገረ" እያሉ እጁን ያሰሩት ሰውዬ አለ፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አንሶላው ላይ ጉንዳን ይለቅማል። ሚስቱን ጠየቅኳት፣ በየቀኑ አረቄ፣ አስራ አምስት ዓመት። ዲያዚፓም (ማረጋጊያ መድሃኒት) ጀምረንለታል። ታያሚን ለብቻው ፋርማሲ የለም፣ ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ነው ያለው።

ሳይካትሪክ_ነርስ፦
ቢ ኮምፕሌክሱ ውስጥ ታያሚን አለበት፣ እሱን ስጠው፣ ግሉኮሱ ይቆይ። እጁን ፍቱለት፣ ሚስቱ አጠገቡ ትቀመጥ፣ መብራት አታጥፉ።

ሳይክ_ሲኒየር፦
ዲያዚፓሙን እያየህ ጨምር፣ ትንፋሹን ቁጠር፣ የፖታሲየም የደም ምርመራ ላክለት። ጠዋት እንዴት እንዳደረ ጻፍልኝ።