ፊደልን በጨዋታ ለብዙ ልጆች፦ ሐሳብ ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ለምታስተምሩ። አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ።

ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ» የሚለውን በዜማ ሲሉት ይወጡታል። አንዷን ፊደል ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ከመጀመሪያው እየቆጠሩ ነው የሚደርሱባት። በተለይ ካዕብና ሣልስ ይምታታባቸዋል። የ«ቡ» ቅጥያ ወገቧ ላይ ነው፤ የ«ቢ» ደግሞ እግሯ ላይ። ለእኛ ቀላል ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ጭረቷ በጣም ትንሽ ናት። ሳድስማ ጭራሽ ወጥ መልክ የለውም።

ቆርኪ ላይ ፊደል ጽፌ በቡድን አጫወትኳቸው። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ፈጣኖቹ ሁሉንም ይለቅሙታል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ አስምሬ በየሳጥኑ ፊደል ጻፍኩበት። ይሄኛው ምርጥ ነበር! የረገጡትን ፊደል ጮክ ብለው ይጠሩታል፣ ዓይናፋሮቹ ሳይቀሩ። ግን አንዱ ሲዘል ሌሎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ሁሉም ልጅ በአንዴ የሚሳተፍበት፣ ከዴስክ ሳይነሱ የሚሆን፣ ወጪ የሌለው ጨዋታ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። የአኩኩሉን «አልነጋም» እና «ነጋ» ምላሽ ፊደል ለመለየት ልጠቀምበት አስቤያለሁ፤ የሞከረ አለ? ዝም የሚሉትን ልጆችስ በቡድን ጨዋታ ውስጥ እንዴት ነው የምታስገቧቸው? ጠመኔ፣ ካርቶንና ብዙ ቆርኪ አለኝ።